በክብር አሳርፈነዋል

በሐመልማ መንግሥት የቃል ቀንድ የጠፋ ዕለት ወንዙ ከማለዳ እስከ ቀትር ቆሞ ዋለ ይባላል። ውሃ እንዴት ቆሞ ይውላል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ይከራከር። የነሐስ በር ከተማ ሴቶች ግን እንስራቸውን አዝለው ሲወርዱ ውሃው መውረዱን ትቶ እንደ ኩሬ ጸጥ ብሎ እንዳገኙት እስከ ዛሬ ይምላሉ። በአራተኛው ቀንም ከአፈ ጥልቅ ገደል አፋፍ ጩኸቱ ደረሰ። ቀንዱ ከማደሪያው የለም!

ያን ቀንድ የማያውቅ ሰው የሐመልማን ነገር አያውቅም። አገሪቱን ለሁለት የሚሰነጥቃት አፈ ጥልቅ የሚባለው ገደል ነው። ከገደሉ ወዲህ ነሐስ በር ከተማ አለች፤ ግንቧ ሰባት እጥፍ፣ በሯ ነሐስ፣ ሰዎቿ ብልጥ። ከገደሉ ወዲያ ሜዳውና ተራራው፣ እርሻውና ከብቱ፣ የወንዙም ምንጭ አለ። የከተማው ሰው ያንን ምድር «ዳር አገር» ይለዋል። የምድሩ ልጆች ግን አገራቸውን «መሐል» ነው የሚሏት፤ ዳር ማለት ለእነሱ ከተማዋ ናት። በስም እንኳ ያልተስማማ ሕዝብ በምን ይስማማ! ከተሜው ባላገሩን «ጭቃ እግር» ይለዋል፤ ባላገሩም ከተሜውን «ደጅ ዘጊ» እያለ ይመልስለታል። ሁለቱን ያስተሳሰራቸው አንድ ቀንድ ብቻ ነበር። ንጉሥ ያወጀው አዋጅ ቀንዱ በሁለቱም አፋፍ ካልተነፋ ሕግ አይሆንም። ቀንዱ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ እውነት የደበቀ አፍ ቢነፋው አይጮኽም።

ቀንዱን የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ የከተማ፣ አንዱ የዳር አገር። ሁለቱም ዓይናቸውን ከቀንዱ ላይ አንስተው እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ቀንዱ ከመሐላቸው ሄደ። በማደሪያው የቀረው አንድ ክንድ የሚያህል አመድማ ላባ ብቻ ነበር። ልብ ያለው ሰው ላባውን አይቶ «ይህ የሹክታ ሥራ ነው» ባለ ነበር። ሹክታ በገደሉ ሆድ የሚኖር አውሬ ነው፤ በሬ የሚያህል፣ ዓይን የሌለው፣ ገላው በሙሉ ላባና ጆሮ። የሞተ ሰው ድምፅ ተውሶ ይጣራል፤ «አቤት» ያለውን ሰው ገደል ይከተዋል። ከድምፅ ሁሉ ሊዋሰው ያልቻለው የቀንዱን ድምፅ ነውና ሲጠላው ኖሯል። ይህን በሐመልማ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ነገር ግን ከተሜው ላባውን አገላብጦ «የጭቃ እግሮች የዶሮ ላባ ነው» አለ። ባላገሩም ወሬውን ሰምቶ «የደጅ ዘጊ መኳንንት የቆባቸው ላባ ነው» አለ። አንድ ክንድ ላባ ያላት ዶሮ የት አገር እንደምትገኝ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ንጉሥ ዐምደ ነሐስ ነገሩ ወደ ጦር ሳይሄድ በሽምግልና እንዲያልቅ ብለው የእኅታቸውን ልጅ፣ ልጅ አጥናፉን፣ ወደ ዳር አገር ላኩት። አጥናፉ ረጋ ያለ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የማይመልስ ጎልማሳ ነበር። ታናሹ ናደው ሃያ ዓመቱ ነው፤ ቀስት ከገተረ አይስትም፤ ልቡ ግን እንደ ከተማው በሰባት ግንብ የታጠረ። አባታቸው በሕፃንነቱ ስለሞቱበት ያሳደገው አጥናፉ ነው። ሰው ምግብ ሲያቀርብለት በቅድሚያ አቅራቢውን አቅምሶ የሚበላው ናደው፣ በዚህ ዓለም ያለ ጥርጣሬ የሚያምነው አንድ ሰው ቢኖር ወንድሙ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን አንጓች የምትባል የዳር አገር ልጅ በነሐሱ በር ደርሳ ደብዳቤ ሰጠች። ዘበኞቹ ደብዳቤውን ተቀበሉና እሷን ወህኒ አወረዷት። ጉዳይሽ ምንድን ነው ያላት የለም።

ደብዳቤው በአዳራሹ መካከል በጸሐፊው አፍ ተነበበ፦

«ለንጉሣችን። መልእክተኛዎ ልጅ አጥናፉ ከእኛ ዘንድ ደርሷል። በክብር አሳርፈነዋል። ሌላ ሰው አይላኩብን፤ ጊዜው ሲደርስ እኛው ተሸክመን እናመጣልዎታለን።»

በነሐስ በር ሰው ዐረፈ ከተባለ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ናደው ምሰሶውን ያዘ። የጦሩ አበጋዝ ደምሳሽ ጎራዴውን መዝዞ ወደ መካከል ወጣ።

«ሰማችሁ? አሳረፍነው አሉን! በክብር ገደልነው፣ ሬሳውንም እኛው ተሸክመን እናመጣለን ብለው ጻፉልን! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስንል የሚስቅብን ነበር። ይኸው! ንጉሥ ይሙት፣ ዳር አገርን ከምንጩ እስከ ገደሉ ሳላቃጥል ይህ ጎራዴ ወደ ሰገባው አይመለስም!»

የአጥናፉና የናደው እናት ወይዘሮ የሻረግ ከወንድማቸው ከንጉሡ ዙፋን አጠገብ ተቀምጠው ነበር። በአዳራሹ የነበሩ ሴቶች ሊያለቅሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እጃቸውን አንስተው ከለከሉ።

«ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» አሉ። «ሰው በወረቀት አይሞትብኝም። ናደው፣ ሂድና ወይ ልጄን ወይ ሬሳውን አምጣልኝ።»

ናደው በንጉሡ እግር ሥር ተንበረከከ። «በነሐሱ በርና በአባቴ አጥንት እምላለሁ» አለ። «ወንድሜን አመጣለሁ። ቀንዱንም ከሌባው እጅ እቀማለሁ። ወንድሜን የገደለ እጅ ሁለተኛ ጀንበር አያይም!»

ንጉሡ አሥር ቀን ሰጡት። እስከ አሥር ቀን ጦር እንዳይንቀሳቀስ አዘዙ። አብሮት እንዲሄድ የተመረጠው ጋሽ ድንቁ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የግንቡን በር የጠበቀ፣ የዳር አገርን መንገድ ያውቃል የሚባል ሽማግሌ ወታደር። መንገዱን ከየት እንዳወቀ ግን ተናግሮ አያውቅም። ደብዳቤው ሲነበብ አፉን ከፍቶ እንደነበር ናደው አይቷል። ከዚያ ደምሳሽ «ጭቃ እግር!» ብሎ ምራቁን ሲተፋ ሽማግሌው አፉን ገጠመና ማሳል ጀመረ።

አበጋዙ ናደውን ወደ ጥግ ወስዶ መከረው። «ልጅቷ መንገድ ትመራሃለች። እንዳወቅን ግን እንዳታውቅብህ። ወንድሜን ልወስድ መጣሁ በላት፤ ሌላ አንድ ቃል አትጨምር። ገዳዮቹ ደጅ ስታደርስህ ያን ጊዜ የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ።»

ምክሩ ናደውን ጣመው። ዝም ብሎ መጠርጠር ከመጠየቅ የሚቀልለው ሰው ነበርና።

እንዲህ ሆኖ ሦስቱ ወጡ። አንጓች ከወህኒ ስትወጣ የእጇን ሰንበር እያሻሸች ሳቀች። «እንግዳ አቀባበላችሁስ ግሩም ነው!» አለች። «እኛ ጋ ለውሻ እንኳ ውሃ ይቀርብለታል።» እሷ እንደ አገሯ ልማድ እኩያዋን ሁሉ አንተ ነው የምትለው፤ ሽማግሌውን አንቱ። የንጉሥ ዘመድ መሆኑን ብታውቅም ናደውን «ወንድሜ» ስትለው እሱ በልቡ «ሲያምርሽ ይቅር» ይላል።

በመጀመሪያው ቀን የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነበር።

«አጥናፉን አይተሽዋል?» አላት።

«እንዴታ! እናቴ እመት ዘርፌ አይደለች ያሳረፈችው!»

የናደው ጣቶች በቀስቱ ላይ ነጡ። «እናትሽ ብቻዋን?»

«ኧረ የት ትችለዋለች! መጀመሪያ እምቢ ብሎ አስቸገረ። ካልሄድኩ ብሎ ሲነሳ ጎረቤት ተጠራ፤ እጅ እግሩን ይዘን አስተኛነው። ከዚያ በኋላ ዐረፈ፤ ድምፁም አልተሰማ።»

«ለምን አልለቀቃችሁትም?» ናደው ይህን ሲል ጥርሱ ተነካክሶ ነበር።

«እንዲያ ሆኖ ይለቀቃል እንዴ? እንግዳ ሳያርፍ ከደጃችን ቢወጣ ነውሩ እስከ ሰባት ትውልድ ነው!»

ጋሽ ድንቁ ሳለ። ሳሉ እንደ ደረቅ በርበሬ ነበር፤ አልቆም አለው። ናደው ዞሮ አየው።

«ይህ ሳል ምንድን ነው ጋሽ ድንቁ?»

«አቧራው ነው ጌታዬ» አለ ሽማግሌው፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። በዚያ ቀን ዝናብ ዘንቦ ነበር፤ አቧራ የለም። ናደው ይህንንም በልቡ መዘገበ። ሽማግሌውና ልጅቷ ሳይነጋገሩ የሚግባቡ መሰለው፤ ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ ኋላ እንጂ ከፊታቸው አልሄድም አለ።

ምንጭ ባገኙ ቁጥር አንጓች ጎንበስ ብላ ቀድማ ትጠጣለች፤ ውሃው ደኅና መሆኑን ቀምሶ ለእንግዳ ማሳየት የአገሯ ወግ ነው። ናደው ግን «መርዝ እንደሌለው አውቃ ስትጠጣ፣ መርዝ ያለበትን እንዳልጠረጥር ልታለማምደኝ ነው» ብሎ ከሌላ ጥግ ይቀዳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ የቀዳው ውሃ አልቅት ነበረበት። ከምላሱ ሥር በጣቷ ነቅላ ስታወጣለት እንኳ አላመሰገናትም፤ ጣቷን ነበር የሚያየው።

በሦስተኛው ቀን የጥላ ሜዳ ደረሱ። በዚያ ሜዳ ሣር አይበቅልም፣ ወፍ አያልፍበትም። አንጓች ቆም አለችና አስጠነቀቀቻቸው። «እስክንወጣ ድረስ ማንም ወደ ኋላው እንዳያይ። ወደ ኋላው ያየ ሰው ጥላው እዚያው ይቀርበታል፤ ጥላ የሌለው ሰው ደግሞ ከዚህ ሜዳ በእግሩ አይወጣም።»

ወደ ኋላ አትይ የተባለ ተጠራጣሪ ምን ያደርጋል? ናደው ዞረ። በሩቁ፣ ከኮረብቶቹ ሥር፣ የሺህ ሰው አቧራና የጦር ጫፍ ብልጭታ አየ። አበጋዝ ደምሳሽ አሥሩን ቀን አላመነም፤ ጦሩን ይዞ በስውር ሲከተላቸው ኖሯል። ናደው በዚያው ቅጽበት ብርድ ከተረከዙ ተነስቶ እስከ ማጅራቱ ወጣበት። ቁልቁል ሲያይ ጥላው የለም። ጉልበቱ ፈሰሰና ተቀመጠ።

አንጓች አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። መጥታ ከፀሐዩ በኩል ቆመችና ጥላዋን አለበሰችው።

«ተነስ። ከእኔ ጥላ እግርህን ሳታወጣ ተከተለኝ። ለሁለት ይበቃናል።»

ያን ቀን ሙሉ ናደው በአንዲት ጭቃ እግር ጥላ ውስጥ ተሸሽጎ ተራመደ። ከሜዳው ሲወጡ የራሱ ጥላ በቀጭኑ ተመለሰለት። ልቡ ለአፍታ ለስለስ ብሎ «ይህች ልጅ ክፉ ብትሆን እዚያው ትታኝ በሄደች» አለ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ልቡ «ለወንድምህም እንዲሁ ደግ ሆና ይሆናል፤ እስክታሳርፈው» ብሎ መለሰለት። ኋለኛው ልብ አሸነፈ።

በአራተኛው ቀን፣ ገደሉ ከሩቅ ሲታይ፣ አንጓች በድንገት ቆማ ፊት ለፊት አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ካንድ እናት ነው የተወለዳችሁት? አራት ቀን ስንሄድ ደኅና ነው ወይ ብለህ አንዲት ቀን አልጠየቅከኝም። ከተማ ወንድም ለወንድም እንዲህ ነው? እኔ አንተን ይዤ መሄዴን መጠራጠር ጀመርኩ።»

ናደው ፊቱ ደም መሰለ። ታላግጥብኛለች አለ በልቡ፤ በሬሳ ላይ ታላግጣለች! ጋሽ ድንቁ ግን እጁን ዘረጋ። «ልጅ ናደው... አንድ ነገር... ስንደርስ በዓይንዎ ያያሉ ብዬ ነበር...» ብሎ ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ከገደሉ ሆድ ድምፅ ወጣ።

«ናደው... ልጄ...»

የአባቱ ድምፅ ነበር፤ ከሞቱ አሥራ ስድስት ዓመታቸው። የሦስቱም ፀጉር ቆመ። ናደው ሊመልስ የከፈተውን አፉን በመዳፉ ያዘ። ሹክታ! የሞተ ሰው ድምፅ የሚዋስ! ጉም ከታች እየተግተለተለ ወጥቶ የገመዱን ድልድይ ዋጠው፤ በጉሙ ውስጥ ሺህ ሹክሹክታ ይፍለከለክ ጀመር። ከኋላቸው የደምሳሽ ጦር አፋፉን ሞላ። ከማዶም የዳር አገር ሰዎች የከተማን ጦር ከሩቅ አይተው ኖሮ ጦርና ማጭድ ይዘው ተሰልፈዋል። በሁለቱ መካከል ድልድዩ ብቻ ነበር።

በድልድዩ ላይ፣ ከማዶ በኩል፣ ሰው እየመጣ ነበር። ያነክሳል። የዳር አገር ሰው የሚለብሰውን ጥቁር ባና ተከናንቧል። በክንዱ ሥር ያቀፈው ነገር በጉሙ ውስጥ ወርቅማ ሆኖ አበራ፤ የቃል ቀንድ!

ሌባው! አለ ናደው። ፍላጻውን ደገነ።

ሰውዬው ባናውን ከአፉ ገለጥ አድርጎ ተጣራ። «ናደው! ናዱዬ! መጣህልኝ?»

የአጥናፉ ድምፅ ነበር። ናደው ልቡ ሁለት ሆኖ ተሰነጠቀ። አጥናፉ ዐርፏል። የሞተ ሰው ድምፅ ተውሶ የሚጣራ በዚህ ገደል አንድ ብቻ ነው። አቤት ያለውን ገደል ይከተዋል። በምድር ላይ ከሚወደው ድምፅ ሁሉ ይህን መርጦ መጣበት!

«ያውልህ!» አንጓች እጇን አጨብጭባ ዘለለች። «እሱ ነው! ተነስቶ መጣ!»

ናደው ለቀቀው።

«ቀስቱን ይመልሱ! ጌታዬ፣ ቀስቱን!» ጋሽ ድንቁ ክንዱ ላይ ተወረወረ፤ ፍላጻው ግን ሄዷል። በድልድዩ ላይ ያለው ሰው ቆም አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቀንዱን ሳይጥል፣ በጉልበቱ ተንበረከከ።

አንጓች ጮኸች። ጋሽ ድንቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ራሱን ይደበድባል። «አሳረፍነው ማለት እኮ አስተናገድነው ማለት ነው! አልጋ ሰጠነው፣ አስታመምነው ማለት ነው! እዚያ ለእንግዳ የሚባል ቃል ነው! በንዳድ ታሞ ነበር ልጅ አጥናፉ፤ የልጅቷ ነገር ሁሉ የሕመምተኛ ነገር ነበር!»

«አንተ በምን አወቅህ?» ናደው የጠየቀው በሌላ ሰው አፍ ይመስል ነበር።

«እዚያ ነው የተወለድኩት ጌታዬ! የዳር አገር ልጅ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሸሸግሁት። ደብዳቤው ሲነበብ ገብቶኝ ነበር። ብናገር ጭቃ እግር መሆኔ ይታወቃል ብዬ... ስንደርስ በዓይናቸው ያያሉ፣ ነገሩ ራሱ ይገለጣል ብዬ...»

ናደው የቀረውን አልሰማም። በድልድዩ ላይ እየሮጠ ነበር። በግራ በቀኝ ሹክሹክታው ሁሉ ስሙን ይጠራዋል፤ ለአንዱም አልመለሰም። ደርሶ ባናውን ገለጠ። ፊቱ ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፤ ግን አጥናፉ ነው፤ ትኩስ ነው፣ ይተነፍሳል፣ ሰው ነው።

«ወንድምዓለም! ምን አደረግሁ! እጄ ይቆረጥ! እጄን ቁረጠው!»

አጥናፉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ድሮም እጅህ አይስትም» አለ። «አትጩህ፣ ስማኝ። ንዳዱ ሊገድለኝ ነበር። እመት ዘርፌ... በዚህ የባሏ ባና ጠቅልላ፣ ቀንም ማታም ሳትተኛ... ተረፍኩ። እንደ ቆምኩ ቀንዱን ከአውሬው ዋሻ አወጣሁት። ተኝቶ አገኘሁት። ለንጉሡ ላመጣ ነበር።» ደም ከአፉ ወጣ። «ንፋው ናዱ። ፈጥነህ። ሁለቱም ወገን ሞቴን አይቷል፤ አሁን ይጫረሳሉ።»

«እማዬን ምን ልበላት?»

አጥናፉ ሰው ሳይጨርስ የማይመልስ ሰው ነበር። ይህን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ መልሱን ግን አልሰጠም። ዓይኑ በናደው ላይ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ያን ጊዜ ሹክታ ተነሳ። ከገደሉ ሆድ አመድማው ገላ ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ፤ ጆሮዎቹ እንደ ጎመን ቅጠል ገላውን ሙሉ ይርገበገባሉ። አሁን አዲስ ድምፅ አግኝቷል። በአጥናፉ ድምፅ ወደ ከተማው ጦር ጮኸ፦ «ጭቃ እግሮቹ ገደሉኝ!» ዞሮም ወደ ማዶ፦ «ደጅ ዘጊዎቹ ገደሉኝ!» ሰው ሊሰማ የሚፈልገውን ሲነግሩት ማስረጃ አይጠይቅም። ሁለቱም አፋፍ በፉከራ ተናወጠ። የመጀመሪያዎቹ ጦሮች በናደው ራስ ላይ ፉጨት እያሰሙ አለፉ።

ናደው ቀንዱን አንስቶ ነፋ። ምንም። ትንፋሹ ብቻ እንደ ባዶ ቅል ሆነ። ደግሞ ነፋ። ምንም!

«ልጅ ናደው!» አበጋዝ ደምሳሽ ከአፋፉ ጮኸ። «እነሱ ገደሉት በል! አንዲት ቃል ነው! ቀንዱም ምንጩም የእኛ ይሆናል፤ የወንድምህም ደም ይመለሳል! ማን ያውቃል?»

እውነት ነው፤ ማን ያውቃል? ጉሙ ድልድዩን ሸፍኖታል፤ ከሩቅ የታየው ሰው መውደቁ እንጂ ፍላጻው ከየት እንደተነሳ አይደለም። ፍላጻውን ነቅሎ ገደል ቢጥለው አለቀ። አንጓች ብትናገር የጭቃ እግር ቃል ነው። ድንቁ ዝምታ የለመደ ሰው ነው። ናደው ለእናቱ «እነሱ ገደሉት» ብሎ በፊቷ ቆሞ ሊያለቅስ ይችላል፤ እቅፏ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እውነቱን ከተናገረ ግን እናቱ ሁለት ልጅ በአንድ ቀን ታጣለች፤ አንዱን በሞት፣ አንዱን በሥራው። የፈራው ደምሳሽን አልነበረም። የፈራው የእናቱን ፊት ነው።

የወንድሙን ራስ ከጉልበቱ ላይ በቀስታ አሳርፎ ቆመ። ፍላጻውን ነቅሎ ወደ ላይ ከፍ አደረገው፤ ላባው የነሐስ በር ቀይ ላባ ነበር።

«የከተማ ሰዎች! የመሐል አገር ሰዎች!» አለ። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ አስተጋባው። «ይህን ፍላጻ እዩ! የእኔ ነው! ወንድሜን የገደልኩት እኔ ናደው ነኝ! እነዚህ ሰዎች ከሞት አስነስተው ሰጡኝ፤ እኔ መልሼ ገደልኩት! አሳረፍነው ሲሉን ገደልነው ያሉን መሰለን። ምን ማለታችሁ ነው ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አራት ቀን አብሬያት ስሄድ አልጠየቅኋትም። ይህን ባና ለብሶ ባየው ጊዜ ሰው አልመሰለኝም!»

ከኋላው የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ ተከተለ። «እኔ ድንቁም የዳር አገር ልጅ ነኝ! ቃሉን አውቄ ዝም አልኩ! ደሙ በእኔም ራስ ላይ ነው!»

ናደው ቀንዱን አፉ ላይ አደረገ።

ያ ድምፅ ምን እንደሚመስል የሰሙት ሊናገሩ አልቻሉም። ጉሙ እንደ ነጠላ ተቀደደ። የተወረወሩ ጦሮች ከአየር ላይ ወደቁ። የሹክታ ጆሮዎች አንድ በአንድ ፈነዱ፤ አውሬው የተዋሳቸውን ድምፆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ፣ የአባትን፣ የወንድምን፣ የሺህ ሙታንን፤ ከዚያ ድምፅ አልባ ሆኖ ወደ አፈ ጥልቅ ወረደ። ከታች ወንዙ ሲፈስ ተሰማ። በሁለቱም አፋፍ ሰዎች ቆመው እርስ በርስ ይተያዩ ነበር፤ ፊት ለፊት፣ ያለ ጉም። ደምሳሽ ጎራዴውን ይዞ ወደ ፊት ሲራመድ ከኋላው የተከተለው አንድ ወታደር እንኳ ስለሌለ ቆመ።

ከማዶ አንዲት ሴት ድልድዩን ይዛ መጣች። አጭር፣ ወፍራም፣ እጇ የሻከረ። ሬሳው አጠገብ ተቀምጣ የአጥናፉን ዓይን ከደነች፤ ባናውን እንደ ሕፃን አስተካክላ አለበሰችው። ከዚያ ተነስታ ናደውን በሁለት ቡጢዋ ደረቱን መታችው፤ ደጋግማ መታችው፤ ሲደክማት እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እመት ዘርፌ ነበረች።

«እናቱ አለች?» አለች በመጨረሻ።

«አለች።»

«መርዶውን ማን ይነግራታል?»

«እኔ» አለ ናደው።

«ብቻህን?» እመት ዘርፌ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «መርዶ ብቻውን አይሄድም። ከቤቴ ነው የወጣ፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»

በሕይወቷ ከተማ ረግጣ አታውቅም፤ አንድ ቀንም እረግጣለሁ ብላ አታውቅም። ሬሳውን ስምንት ሰዎች ተሸከሙት፤ አራቱ ከወዲህ፣ አራቱ ከወዲያ። እርምጃቸው እስኪስማማ ብዙ ተደናቀፉ። አንጓች ከናደው ርቃ ነበር የምትሄደው። አራት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችውም፤ እሱም አናግሪኝ ለማለት ፊት አልነበረውም።

ሬሳውን ከከተማ ውጭ አሳድረው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ናደውና እመት ዘርፌ የወይዘሮ የሻረግን ግቢ አንኳኩ። እናቲቱ ራሳቸው ከፈቱ። ባዶ እግሩን የቆመውን ልጃቸውን አዩ፤ አጠገቡ የቆመችውን የማያውቋትን ሴት አዩ። ከኋላቸው ማንም አልነበረም።

«ልጄስ?»

«ሕያው ነበር እማዬ» አለ ናደው። «ሬሳ ሳላይ ያልሽው እውነትሽን ነበር። ሕያው ነበር። ከዚያ እኔ ገደልኩት። ሳላውቅ፣ በገዛ ፍላጻዬ። ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ የሻረግ የልጃቸውን እጆች አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከእሱ አንስተው ወደ ሴቲቱ አዞሩና ክንዷን ያዙ፤ ላለመውደቅ ይሁን ለማስገባት አይታወቅም። ሁለቱ ገብተው መደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ናደው ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ታሞ ነበር?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

«በንዳድ። አሥራ ሁለት ቀን።»

«ምን አበላሽው?»

«ቅንጬ። መጀመሪያ እምቢ ይል ነበር። በኋላ ወተት ጀመረልኝ።»

«ወተት?» ወይዘሮ የሻረግ ቀና አሉ። «አጥናፉ ወተት? ከጡት ከወጣ ወዲህ ወተት በአፉ ዞሮ አያውቅም!»

«ኧረ ጠጣ! ጨምሪልኝ ሁሉ ብሎኛል፤ ልጄ ትሙት!»

ወይዘሮ የሻረግ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ሳቅ ነበር የመጣባቸው፤ ሳቁ ከግማሽ ላይ ለቅሶ ሆነ፤ እመት ዘርፌም አብራ ጮኸች፤ ሁለቱም ደረታቸውን እየመቱ የአጥናፉን ስም ጠሩ። ሰፈሩ ነቃ። ጎረቤት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወደ ግቢው ይገባ ጀመር፤ ደጁ ላይ የቆመውን ጎልማሳ በጎን እያየ፣ ሳይነካው ያልፋል።

ፀሐይ ወጣች። ወይዘሮ የሻረግ ከለቅሶው መካከል ቀና ብለው ወደ ደጁ አዩ። ድምፃቸው ጎርናና ሆኖ ነበር።

«አንተም ግባ» አሉ። «ቆመህ አትቅር።»